አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

መስከረም 14

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ ጋሼ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሞላት። ጎረቤቶቿ አሁንም ስሟን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ማልቀሱ ትቶኛል፤ ምን እንደተካው ግን አላውቅም። ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ፤ በመሃል ያለውን እጄ ይሠራዋል።

ስልክ ላይ ሰላምታ እንጂ ቁም ነገር አይወራም፣ ጉዳይ ያለው ሰው ይጻፍ ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። ከሱቄ አጠገብ ያለችው ባለ ፎቶ ኮፒ አንድ ማስታወቂያ ስታባዛ ቆይታ አንዱን ቅጂ አስቀርታ ሰጠችኝ። ኢንኩቤሽን ማዕከል የሚሉት ነው። ጀማሪ ነጋዴዎችን ተቀብሎ ክፍል በነፃ ይሰጣል፤ ማሽን፣ ሥልጠና፣ ጠበቃና አማካሪም አለው። ዓመት ተኩል እንዲህ ደግፎ ያሳድግና ይለቃቸዋል። የሚወስዱት ሃያ ሰው ብቻ ነው። ባለ ፎቶ ኮፒዋ ኢንኩቤሽን የሚለውን ከእንቁላል ማስፈልፈያ ጋር እንጂ ሌላ ቦታ ሰምታው ስለማታውቅ፣ “ዶሮ ልታረቢ ነው እንዴ?” አለችኝ።

እርስዎ እንዲህ ዓይነት ቦታ ስድስት ዓመት ስለሠሩ ከዘመድ ሁሉ የምጠይቀው እርስዎን ነው። ሥራዬን ያውቁታል። አንድ እግራቸው ላጠረ፣ ተሰብሮ ለተጣመመባቸው፣ ተረከዛቸው ለዞረባቸው ሰዎች ከፍ ያለ ሶል ያለው ጫማ እሰፋለሁ። ሱቄ አራት ክንድ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ግን ከሆስፒታሉ የኋላ በር ፊት ለፊት ነው። ከአጥንት ክፍል በክራንች የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእኔን በር ነው። የአውቶቡስ መቆሚያውም እዚያው ነው። ሥራ ፍለጋ ዞሬ አላውቅም፤ ሥራው ራሱ እያነከሰ ይመጣልኛል።

ማዕከሉ ከከተማው ዳር ነው። ሄጄ አየሁት። ሁለት ታክሲ ይቀየራል፤ ከዚያ አስፋልቱ ያበቃና ሃያ ደቂቃ በጠጠር መንገድ በእግር ነው። በእኔ እግር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ የግራው በሦስት ጣት እንደሚያጥር መቼም አልረሱትም።

ፎርሙ ዘጠኝ ገጽ ሲሆን አብሬ ልኬዋለሁ። ሞልተው፣ አማካሪ በሚለው ቦታ ላይ ፈርመው፣ በቀጥታ ወደ እነሱ ይላኩልኝ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ምን ድጋፍ እንደምፈልግ ይጠይቃል። ምድር ላይ ያለ ክፍልና ደንበኞቼን ከሆስፒታሉ የሚያመጣ መኪና ይበሉልኝ። ሌላውን ባይሰጡኝም ግድ የለኝም።

ጤናዎን ይጠብቁልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 20

ለቁምነገሬ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት እስካለሽበት ተዘርግቶ ይድረስሽ። ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ መጥቶ ያንኳኳል፤ ሰው የለም እያልኩ እመልሰዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሲደገም ተናደድኩ። አንቺ ልጅ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጠርዝ ፈልገሽ መቀመጥ ትወጃለሽ። ሰፊ ቤት እየተሰጠሽ የአራት ክንድ ሱቅ የሙጥኝ ትያለሽ? ዓለም ከሆስፒታል በር የሚጀምር ይመስልሻል?

ያለሁበትን ልንገርሽ። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። በየፎቁ የጋራ ማዕድ ቤት አለ፤ አንዱ የሠራውን ለሌላው የሚያወራው እዚያ ነው። አንዲት ሴት ለብስክሌት ቦርሳ እሰፋለሁ ብላ አንድ መርፌና አንድ ጠረጴዛ ይዛ ገባች፤ ስትወጣ አርባ ሠራተኛ ነበራት። ጆሮው ለከበደው ሰው መሣሪያ የሚሠራ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ነበር፤ በሁለተኛ ዓመቱ ሙሉ ፎቅ ወሰደ። ይህን ሁሉ በዓይኔ ነው ያየሁት። የሚያሳድጋቸው አማካሪው ነው፣ በይነመረቡ ነው፣ ጠበቃው ነው፣ ገንዘብ ያለው ሰው መጥቶ ሥራቸውን የሚያይበት አዳራሽ ነው። ቦታማ ምንጊዜም ቦታ ነው።

ፎርምሽን ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ላክሁት። ጽሑፌን ብታዪው ትኮሪ ነበር። ለአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ አትጨነቂ፤ እንደሚሆን አድርጌዋለሁ። ገና ሳይቀበሉሽ በአቤቱታ አይጀመርም።

በርትተሽ ጠብቂ። እኔ አለሁልሽ።

አጎትሽ


ጥር 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ ጋሼ? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ተቀበሉኝ። ከሃያዎቹ ዘጠነኛ ሆኜ ስሜ ወጣ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ ዝርዝሩን ራሷ ስላባዛችው ከእኔ ቀድማ አወቀች። ልታቅፈኝ እጇን ዘርግታ መጣችና ፊቴን ስታየው መሃል መንገድ ላይ ቆመች። “ደስ አላለሽም እንዴ?” አለችኝ። ደስ ሳይለኝ አይቀርም አልኳት።

የማዕከሉ ውል ሌላ የሥራ ቦታ መያዝ አይፈቅድም። ስለዚህ ሱቁን ለባለቤቱ አስረከብኩ። በሩ ላይ አዲሱን አድራሻ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጠፍኩ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ካርታ ሣልኩ። ካርታው ወረቀቱን ሞልቶ ሌላ ወረቀት መቀጠል ነበረብኝ።

የደረሰኝ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ተገጥሟል፤ እንዲሠራ የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ሰው እስኪልክ ግን በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ቆሟል። ደረጃው ሃምሳ አራት ነው።

ክፍሉን አልዋሽም፤ ያምራል። ብርሃን አለው። ሶል መሞረጃው ማሽን በእጄ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። አቧራውንም ራሱ ስለሚስብ ሳሌ ጠፋ። ጠበቃው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ይመጣል፤ የንግድ ምዝገባዬን በአንድ ቀን አስጨረሰልኝ፤ እኔ ብቻዬን ሁለት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። አማካሪዬ ልጅ እግር ናት፤ ሰው ታከብራለች። “ዕድገትሽን በምን ትለኪዋለሽ?” ብላ ጠየቀችኝ። በሴንቲሜትር አልኳት። ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ደንበኛ አልመጣም። መንገዱ ስላልተለመደ ይሆናል።

እርስዎ ምን ይላሉ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 21

ለቁምነገሬ፣

እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለን። ሰላምና በረከት አዲሱ ክፍልሽ ድረስ ደረጃውን ወጥቶ ይግባልሽ። ዘግይቼ የጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሦስት ሳምንት ደግሞ ዕድሜ ሆኖ! እዚህ የሚገቡት ሁሉ የመጀመሪያውን ሦስት ወር የግድግዳ ቀለም ሲያዩ ነው የሚከርሙት። አንቺ ግን ዝም ብለሽ አትቀመጪ። በይነመረብ ላይ ገጽ ክፈቺ። ሰው እግሩን አንስቶ ካልመጣ ትዕዛዙ ይምጣ። አማካሪሽ የምትልሽን ስሚ፤ አታፍጥጪባት፤ ስታፈጥጪ እናትሽን ትመስያለሽ፤ ሰው ይፈራል።

የመጓጓዣሽ ነገር ከከበደሽ ለሦስት ወር እኔ እልክልሻለሁ፣ አትግደርደሪ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከማሽኑ አጠገብ ቆመሽ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ። እዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ የመከርኳት እላለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 30

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰላምዎ ይብዛ። ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አለ። ከኋላዬ የሚታየው ማሽኑ ነው፤ በስተቀኝ ያሉት አራት ወንበሮች የደንበኞች ናቸው።

ገንዘቡን አይላኩ። እኔ መሄጃ አላጣሁም፤ መምጫ ያጡት እነሱ ናቸው። ገጹንም ከፍቻለሁ። አንድ ሰው ከሩቅ ከተማ የጫማ ቁጥሩን ጽፎ ከፍ ያለ ሶል ሥሪልኝ አለኝ። ቁጥር አይበቃኝም፣ ሲራመዱ ማየት አለብኝ ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

በሦስት ወር ውስጥ አምስት ሰው መጣ። አምስተኛው አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ ስምንት ዓመት ደንበኛዬ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ከቤቱ ተነስቶ ስድስት ሰዓት ደረሰ። ጠጠሩ ላይ ወድቆ ክርኑ ተልጧል። ሃምሳ አራቱን ደረጃ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በመቀመጫው፣ አንድ በአንድ ነው የወጣው። በክፍሌ በር መስታወት አየሁት። ሄጄ ልደግፈው ስል በእጁ ከለከለኝ።

ሶሉን ቀየርኩለት። ማሽኑ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ጫማውን አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ወዲህ ወዲያ አለና፣ “ሥራሽ እንደ ድሮው ነው። እዚህ ማን መክሮሽ ነው የመጣሽው?” አለኝ።

“አጎቴ ነው።”

“እኔን አያውቀኝም ማለት ነዋ” አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንዲሁ ነው ያለው። ከዚያ ወረደ።

ሌሎቹ ደህና እየሄዱ ነው፤ ይህንንም ልንገርዎ። ከእኔ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ወንድማማቾች ለስልክ ፕሮግራም ይሠራሉ፤ ማንም ወደ እነሱ መምጣት አያስፈልገውም፤ በይነመረቡና አማካሪዋ ይበቋቸዋል። ምድር ቤት ቅመም የምታሽገው ሴትዮ ፎርሟ ላይ መኪና ጠይቃ ስለነበር በሳምንት ሁለቴ ዕቃዋ ይጫንላታል። ማዕከሉ የጠየቁትን ይሰጣል።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። መኪና ጠይቄ ነበር አልኩት። ፋይሌን አወጣ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ፣ ምድር ላይ ያለ ክፍል በሚለው ትይዩ “አያስፈልግም” ይላል። ደንበኞችን የሚያመጣ መኪና በሚለው ትይዩ “አያስፈልግም፤ ደንበኞቿ ከየትም ፈልገዋት ይመጣሉ” ይላል። የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ጅራቷን ረዘም የሚያደርጓትን ፊደል አውቃታለሁ።

የተናደድኩ እንዳይመስልዎ። ብናደድ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን እያየሁ የእማዬን ስልክ ካረፈች በኋላ የት እንዳስቀመጥኩት ነበር የማስበው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ አንድ መንገድ አለ አለኝ። የሚቀጥለው ዓመት መኪና የሚደለደለው ሰኔ 25 በሚቀመጠው ኮሚቴ ነው። በፎርሙ ላይ በአማካሪነት የፈረመው ሰው መልሱ ስህተት እንደነበረ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ስሙንና ሙያውን ሞልቶ ከፈረመ ይታያል። በሳምንት ሁለት ቀን ከሆስፒታሉ በር ደንበኞቼን ያመጡልኛል። ይህ ካልሆነ ሥራዬ እዚህ ይሞታል፤ ስምንት ዓመት ያፈራኋቸው ሰዎች ተበትነዋል።

የማስተካከያ ቅጹን አብሬ ልኬዋለሁ። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 12

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ነዎት? ዝምታዎ የጤና ያድርገው። ምናልባት የመጋቢቱ ደብዳቤ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ የማስተካከያ ቅጹን ሌላ ቅጂ ልኬያለሁ። ሰኔ 25 ነው ቀኑ።

ትናንት የድሮ ሱቄን አየሁት። የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሰው ገብቶበታል። የለጠፍኩት ካርታ አሁንም በሩ ላይ አለ፤ ሰው ይጠይቀኛል ብሎ ነው ያልቀደደው። እስካሁን በክራንች የመጡ ስንት ሰዎች ካርታውን እንዳሳያቸው ጠየቅሁት። ብዙ አለ። ካዩት በኋላ ምን ያደርጋሉ አልኩት። “ያመሰግኑኝና አውቶቡሱን ይጠብቃሉ” አለኝ።

አሳንሰሩ ተፈቅዷል። አሁን ይሠራል።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 28

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ሁለቱም ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል። የዘገየሁት በእኔ ነው።

የማስተካከያ ቅጹን ሦስት ጊዜ ሞላሁት። ስሜን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሙያ የሚለው ይመጣል። ሦስቱንም እዚያ ስደርስ ቀደድኩት። አራተኛው ዛሬ ተሞልቶ እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ሰኔ 25 እንዳለፈ አውቃለሁ። ሳይላክ ከሚቀር ብዬ ነው።

ሙያ በሚለው ላይ የጻፍኩት ጽዳት ሠራተኛ ነው። እኔ የማዕከሉን ወለል የማጸዳ ሰው ነኝ። ማዕከል ውስጥ ነው የምሠራው ያልኩት እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ሞላችሁት፣ እኔም አላረምኩም። አማካሪ ሲሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ።

ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ገብቼ ሦስት ሰዓት እወጣለሁ። ሁለት አውቶቡስ እቀይራለሁ። የግራ ተረከዜ መሬት ሲነካ ይጮህብኛል፤ ቆሞ የሚውል ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ይላሉ። የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ከቆሻሻ ቅርጫት ነው። ሥራው የሰመረለት ሰው ቅርጫት የማሸጊያ ቴፕና የእንግዳ ኩባያ ይሞላዋል። እየወደቀ ያለ ሰው ቅርጫት ውስጥ ለብቻው የተበላ ምሳ፣ ከዚያ አንድ ቀን ካልተከፈተ ሳጥኑ ጋር የስም ካርድ ታገኛለሽ። የቦርሳዋ ሴትዮ ክፍል በየጠዋቱ ሃያ ሠላሳ ኩባያ አነሣ ነበር። ኩባያውን ስቆጥር ከረምኩ እንጂ የሚጠጡት ሰዎች በምን መጡ ብዬ አልጠየቅሁም።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ በመጣ ሳምንት ሥራ ጨርሼ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሕንፃውን ዞርኩት። ስድስት ዓመት ስሠራ የምገባው በኋላ በር፣ በቆሻሻ ማጠራቀሚያው በኩል፣ በዕቃ አሳንሰር ነው፤ የፊት በሩን ከውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ የባቡር ጣቢያው መውጫ በሩ ላይ ነው። ሰው ከምድር ውስጥ ይወጣና አሥር እርምጃ ተራምዶ ገባ ማለት ነው። በስተግራ ባንክ፣ በስተቀኝ ክሊኒክና ዳቦ ቤት አለ። አንድ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር መጥቶ በሩ ራሱ ተከፈተለት። ሩብ ሰዓት ቆሜ ሠላሳ አንድ ሰው ቆጠርኩ፤ መኪና መንገድ የተሻገረ አንድም የለም። እኔ አማካሪው ነው፣ ማዕድ ቤቱ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩልሽ። እነሱም ይረዳሉ፤ መጀመሪያ ግን ሰው በሩ ላይ መድረስ አለበት። ለእኔ መንገድ ማለት ሰው የራሱን የሚችለው ነገር ነበር። ለሰው የሚሰጥ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አሁን ስለ አሥራ ሰባተኛው። እናትሽ እስከ አራተኛ ክፍል በጀርባዋ አዝላ ነበር ትምህርት ቤት የምታደርስሽ። ጎረቤት “ምነው ይህችን ትልቅ ልጅ?” ሲላት፣ እንቅልፍ አልጠገበችም ትላለች። በየቀኑ እንቅልፍ አልጠገበችም። ያኔ እኔ አብሬያችሁ እየሄድኩ ደብተርሽን እይዝ ነበር፤ እንዲህ ስትል መሬት መሬት አያለሁ። ፎርምሽ ላይ የሚያመጣ መኪና የሚለውን ሳነብ እሷ መጣችብኝ። በወረቀት ላይ የምትታዘል ሆነሽ እንድትጻፊ አልፈለግሁም። አፍሬብሽ አይደለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አፍሬ ነው።

ለቀብሯም ፈቃድ ከልክለውኝ ነው የቀረሁት ያልኩት ውሸት ነው። አልጠየቅኳቸውም። ለቀስተኛው ሁሉ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል ብዬ ነው።

ፎቶሽን ለማንም አላሳየሁም። ወንበሮቹ ባዶ መሆናቸውን ያየሁት ቆይቼ ነው።

አጎትሽ


ሐምሌ 29

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ጋሼ። እኔ ደህና ነኝ።

ወረቀቱ የደረሰው ኮሚቴው በተቀመጠ በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። መኪናው ለሌላ ተደልድሏል። ቢሆንም ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት፤ ስለ ባቡር ጣቢያውና ስለ ኩባያዎቹ የጻፉትንም አነበብኩለት። ሙያ የሚለውን አየ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና አየው። ከዚያ ያንን ክፍል ይቅዱልኝ ብሎ ለጸሐፊዋ ሰጣት። ለሚቀጥለው ዓመት ሃያ ሰዎች፣ ደንበኛ በምን እንደሚመጣ ራሱ ደንበኛው የሚመልሰው ጥያቄ ፎርሙ ላይ ይጨመራል አለኝ። ለእነሱ ጥሩ ነው።

እኔ ክፍሉን ለቅቄያለሁ። ስድስት ወር ተኩል ቆየሁበት። ጠበቃውና አማካሪዋ እስከ በር ሸኙኝ፤ ወንድማማቾቹ ዕቃዬን እስከ አስፋልቱ ተሸከሙልኝ። ምዝገባዬ በእጄ ነው። የሥራዬን ዋጋ ማስላትም ተምሬያለሁ፤ ለካ ስምንት ዓመት በኪሳራ ነበር የምሰፋው። ማሽኑ እዚያው ቀረ።

ባለ ፎቶ ኮፒዋ ከማሽኗ ጀርባ አንድ ጥግ ለቀቀችልኝ፤ ሰኞና ሐሙስ ብቻ፣ እሷ ሥራ በማይበዛባት ቀን። ሆስፒታሉ በር ግን ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ሁለት ሰው መጣ። ሁለቱም አዲስ ናቸው። ከድሮዎቹ ሰባቱን ፈልጌ አገኘሁ። ሦስቱ ያለቀ ሶል ይዘው ወገባቸው ተጣሟል። ዘበኛው ጫማውን አስቀምጦ ወደ ክራንቹ ተመልሷል፤ ሶሉ ሲያልቅ ያንን ደረጃ እንደገና ከምወጣ ብሎ ነው። ቤቱ ሄጄ ተመልሻለሁ አልኩት። አያለሁ አለኝ። እስከ ዛሬ አልመጣም። በእሱ ሳለቅስ ራሴን አገኘሁት፤ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ።

ጋሼ፣ ጽዳት ሠራተኛ መሆንዎን አውቅ ነበር። እማዬ ሳታርፍ ነግራኛለች። አንድ መንገደኛ የሥራ ልብስዎን ለብሰው አይቶዎት ነው የነገራት። አሳፍሬው ዝም እንዳይለኝ፣ አንቺም እንዳታነሺበት አለችኝ።

እንቅልፍ አልጠገበችም የምትለውንም አውቅ ነበር። ተኝቼ አላውቅም፤ አንድም ቀን። የጎረቤት በር ስንደርስ እሷ ውሸታም እንዳትባል ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ካለፍን በኋላ እገልጠዋለሁ። እርስዎን አማካሪ ሲሉዎትም እንደዚያው ጨፈንኩ። ፎርሙን ራሴ መሙላት እችል ነበር። ለአማካሪ ሰው ክብር ብዬ ነው የላክሁልዎ። ስለዚህ ይህ ዓመት የጠፋው በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱን ብቻዎን አይውሰዱት።

ሁለት አውቶቡስ እንደሚቀይሩና ተረከዝዎ እንደሚያምዎ ግን አላውቅም ነበር። ቆሞ የሚውል ሰው ሁሉ እንዲህ አይደለም። ሰፊ ወረቀት መሬት ላይ ያንጥፉ፣ በባዶ እግርዎ ይቁሙበት፣ ሁለቱንም እግር ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉና ይላኩልኝ። ሲራመዱ የሚያይዎት ሰው ካለ ወደ የትኛው ጎን እንደሚያጋድሉ ይጠይቁልኝ። ሲሳል ግን ቆመው ይሁን። ተቀምጦ የተሳለ እግር ልኩን አይናገርም።

የእህትዎ ልጅ